ሻንጣው ሳይታሰር ጥርሱ ይታይ

ቦታው ደሴ፣ የጥርስ ሕክምና ክፍል። ወጣቷ በቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ ልትሄድ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። የመጣችው እናቷን ለማሳከም ነው፤ እናትየው ማደንዘዣ ተወግተው በአንደኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሟ እስኪደነዝዝላቸው ድረስ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

ሐኪሟ፦ በሚመጣው ሳምንት ጅዳ ልትሄድ ነው ብለው እናትሽ ነገሩኝ። ጥርስሽንስ ታይተሻል?

መንገደኛዋ፦ ምርመራውን ጨርሻለሁ እትዬ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ደረቴንም ራጅ ተነሣሁ። አልፈሻል ተባልኩ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሐኪሟ፦ አፍሽን ክፈቺ ያለሽ ሰው ነበር?

መንገደኛዋ፦ ኧረ የለም።

ሐኪሟ፦ ያ ምርመራ በዋናነት የሚፈልገው የሚተላለፍ በሽታና እርግዝናን ነው። የተቀባዩን አገር ሥጋት ለማስወገድ የተዘጋጀ ስለሆነ ሳንባሽ ንጹሕ መሆኑን ለእነሱ ይነግራቸዋል። አንቺ እዚያ በምትኖሪባቸው ሁለት ዓመታት ምን ሊያምሽ እንደሚችል ግን ማንም አይነግርሽም። ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆች እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አያለሁ። ሲሄዱ በአንድ ሙሌት ይድን የነበረው ጥርስ ሲመለሱ ስሩ ብቻ ቀርቶ ይመጣል። ይኼ ያንገበግበኛል፤ ቀላል ነገር ነበራ።

መንገደኛዋ፦ እኔን እንኳ አያመኝም። አምና በክረምት ይኼ የግራ የታች መንጋጋዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ቅርንፉድ አደረግሁበትና በራሱ ተወኝ። ትሉን ገደለው መሰለኝ።

ሐኪሟ፦ እስቲ እዚህኛው ወንበር ላይ አረፍ በዪ። ክፈቺ። ጉድጓዱ ይታየኛል። አሁን በጥጥ በጣም ቀዝቃዛ ነገር አስነካሻለሁ፤ ሲሰማሽ እጅሽን ታነሺያለሽ። መጀመሪያ ጎረቤቱን ጥርስ።

መንገደኛዋ፦ እእ! ተሰማኝ።

ሐኪሟ፦ አሁን ደግሞ ያን ያመመሽን። … እጅሽን አላነሣሽም።

መንገደኛዋ፦ ምንም አልተሰማኝማ።

ሐኪሟ፦ በመስተዋቱ እጀታ ቀስ አድርጌ ልምታው።

መንገደኛዋ፦ ውይ! እሱስ ያማል። እታች አጥንቴ ድረስ ነው የዘለቀኝ።

ሐኪሟ፦ አየሽ፣ ቀዝቃዛው ያልተሰማው ነርቩ ስለሞተ ነው። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከምንበላው ስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ ጥርሱን እየቦረቦረ ነርቩ ጋ ይደርሳል። አምና ሌሊት ሌሊት ሲያምሽ የነበረው ነርቩ ተቆጥቶ ነው። ሕመሙ የተወሽ ነርቩ ሲሞት ነው። ስመታው ያመመሽ ደግሞ ባክቴሪያው በስሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ ስለወረደ ነው። ራጅ እናነሣዋለን፤ ከስሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ባይ አይገርመኝም። በሥራዬ ከማያቸው ሁሉ ይበልጥ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው፤ ያመመው ሰው ይመጣል፣ የተወው ሰው ግን ድኛለሁ ብሎ አገር አቋርጦ ይሄዳል።

መንገደኛዋ፦ ታዲያ እስካሁን ዝም ካለ ሁለት ዓመት አይችልም?

ሐኪሟ፦ ሊችል ይችላል። ነገ ሊነሣም ይችላል። መቼ እንደሚነሣ እኔም መናገር አልችልም፤ ሲነሣ ግን የት እንደምትሆኚ አስቢው። በመጀመሪያ አውሮፕላኑ አለ።

መንገደኛዋ፦ አውሮፕላን ጥርስ ያማል እንዴ?

ሐኪሟ፦ ጤነኛ ጥርስ አያምም። እንዲህ ያለው ሕመም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአብራሪዎች ላይ ጎልቶ ታወቀ። የተቦረቦረ፣ በደንብ ያልተሞላ ወይም ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ አየር ወይም ጋዝ ካለ የውጩ የአየር ግፊት ሲለዋወጥ ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ያኔ ያማል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ግን አይረሳውም። ለእኛ ለደገኞቹ ደግሞ ነገሩ ለየት ይላል። አብዛኛው አውሮፕላን ሲበር ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ተደርጎ ይያዛል፤ ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ከሆነ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከቦሌ ስትነሺ ብዙም ለውጥ አይሰማሽም። ጅዳ ግን ባሕር ዳርቻ ናት። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው አውሮፕላኑ ለማረፍ ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ያኔ ነው። ጉንፋን ከያዘሽም የላይኛው መንጋጋ ጥርሶችሽ በሙሉ ሊያሙሽ ይችላሉ፤ እሱ ከጥርሱ ሳይሆን ከጉንጭሽ አጥንት ውስጥ ካለው ሳይነስ ነው የሚመጣው። ስትወርጂ ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝኪ፤ ጆሮሽንም ይከፍትልሻል፣ ምራቅሽንም ያመጣዋል።

መንገደኛዋ፦ በረራውስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አሉ፤ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ።

ሐኪሟ፦ በረራው ያልፋል። እኔ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንቺ ቱሪስት አይደለሽም። ጥርሱ ያመመው ቱሪስት ሆቴሉን ጠይቆ ታክሲ ይዞ ሐኪም ጋ ይሄዳል። አንቺ የምትሄጂው የሰው ቤት ነው። ከቤት ለመውጣት አሠሪሽን፣ ማዳሟን፣ ትጠይቂያለሽ፤ ቋንቋው ገና ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማው፣ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ደመወዝም ገና አልደረሰም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥርሱ ያመማት ልጅ ምን ታደርጋለች? ትደብቃለች። ሰነፈች እንዳይሏት፣ የላካት ኤጀንሲ እንዳይመልሳት ትፈራለች። ፓናዶል እየዋጠች ምንጣፍ ታጥባለች። ከሚሄዱት ልጆች ውስጥ ይኼ ያልደረሰባት ካለች ዕድለኛ ናት።

መንገደኛዋ፦ የአጎቴ ልጅ ሪያድ ሆና ጉንጯ አብጦ ፎቶ ልካልን ነበር። ጓደኛዋ ካፕሱል ሰጠቻትና ጎደለላት።

ሐኪሟ፦ አሞክሳሲሊን ነው የሰጠቻት፤ አይደል? እሱን በደንብ ላስረዳሽ። ካፕሱሉ በደም በኩል ነው የሚሠራው። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። እብጠቱን ለጊዜው ያቀልለታል፣ ምንጩ ግን እዚያው ይቀራል። ጥርሱ ተከፍቶ ካልጸዳ ወይም ካልተነቀለ ተመልሶ ይመጣል። እብጠት ሳይኖር ለሕመም ብቻ ካፕሱል መዋጥ ደግሞ ምንም አይጠቅምም። ሁለት ሁለት ፍሬ እየተካፈሉ መዋጥማ መድኃኒቱ በኋላ በእውነት ስትፈልጊው እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

መንገደኛዋ፦ ለሕመሙስ ምን ልያዝ?

ሐኪሟ፦ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን። ፓራሲታሞሉ ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ እንዳያልፍ። አይቡፕሮፌን ደግሞ ምግብ በልተሽ፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ፣ እርጉዝም ከሆንሽ አትንኪው። ለጥርስ ሕመም ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሰጡት የበለጠ ያስታግሳሉ። ከነካርቶናቸው ያዢያቸው፤ የሐኪም ማዘዣ ጽፌ እሰጥሻለሁ። ትራማዶል ወይም ኮዴን ያለበት መድኃኒት ግን ማንም ቢሰጥሽ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይገባ። በዓረብ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር አለበት፤ ያሳስርሻል። ለእገሌ አድርሺልኝ ብሎ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን የሚሰጥሽም ይኖራል። እናትሽም ብትሆን አትቀበዪ።

መንገደኛዋ፦ ቅርንፉዱስ? ነጭ ሽንኩርትስ?

ሐኪሟ፦ ቅርንፉድ ያደነዝዛል፤ እውነት ነው። ፍሬውን ወይም ዘይቱን በጥጥ ጫፍ ጥርሱ ላይ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ። ድድ ከነካ ይልጣል። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቀው ጉንጫቸው ውስጥ ይዘውት አድረው ሥጋው ነጭ ሆኖ የተላጠባቸውን ስንቱን አይቻለሁ። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንደዚያው ያቃጥላል። ከሁሉም የሚሻለው ቀላሉ ነው፦ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ መጉመጥመጥ። አያድንም፤ ያጸዳል፣ ፋታም ይሰጣል።

መንገደኛዋ፦ መታገሥ የሌለብኝ መቼ ነው?

ሐኪሟ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ይኼን በቃልሽ ያዢው። እብጠቱ ከጉንጭ ወደ አገጭሽ ሥርና ወደ አንገትሽ ከወረደ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ ምላስሽ ወደ ላይ ከተነሣ፣ አፍሽን መክፈት ካልቻልሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ያ የጥርስ ሕመም መሆኑ ቀርቷል። በሰዓታት ውስጥ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። የታች መንጋጋ ጥርስ ደግሞ፣ እንደ አንቺ ያለው ማለት ነው፣ ለዚህ ዋናው መነሻ ነው። ያኔ ማዳም ትቆጣለች አትበዪ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺያቸው። በሳዑዲ የአምቡላንስ ቁጥር 997 ነው። የጤና ሚኒስቴሩ የምክር መስመር ደግሞ 937። ሁለቱንም ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ ስልክሽን ቢወስዱብሽም እንዲገኝ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። የጥርስ ሐኪም ‘ጠቢብ አስናን’ ነው የሚሉት። እሱንም አብረሽ ጻፊው።

መንገደኛዋ፦ ከፈቀዱልኝ ነዋ።

ሐኪሟ፦ መብትሽን ማወቅ አለብሽ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን ከነደመወዙ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ኮንትራትሽን ፈርመሻል?

መንገደኛዋ፦ ነገ ነው የምፈርመው።

ሐኪሟ፦ እንግዲያው ሳትፈርሚ ኤጀንሲውን ጠይቂ፤ መድን አለኝ ወይ? መድኑ ጥርስን ይጨምራል ወይ? ካልጨመረ ጥርሴን ቢያመኝ ማን ይከፍላል? መልሱን ጻፉልኝ በዪ። ይኼን ስትጠይቂ ፊታቸው ሊጠቁር ይችላል። ይጥቆር። ተጓዧን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጥርሷን ማሳየት የእነሱ ሥራ መሆን ነበረበት። ልጅ ሲልኩ ደረትና ደም አስመርምረው አፍን መዝለል ግማሽ ምርመራ ነው፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

መንገደኛዋ፦ አሁን ይኼ ጥርስ ምን ይሁን ታዲያ? ማስሞላት ይበቃዋል?

ሐኪሟ፦ አይበቃውም። የሞተ ነርቭ ላይ ከላይ ብንደፍን መግሉን ውስጥ ዘጋንበት ማለት ነው፤ ከአሁኑ ይብስብሻል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ስሩ ድረስ አጽድቶ ነርቩን ማከምና መሙላት፣ ወይም መንቀል። ነርቩን ማከም ከመንቀል ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ጥርሱ ግን ያንቺ እንደሆነ ይቀራል። በዘጠኝ ቀን ይደርሳል። መንቀልን ከመረጥሽ ደግሞ ዛሬ ወይም ነገ ይሁን፤ ለመሄጃሽ ዋዜማ አይቆይ። ከተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ከቦታው ከወጣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ሕመም ከጥርሱ ሕመም ይብሳል። አንቺ እዚህ እያለሽ ቢሆን እኔ አለሁ። ጅዳ ከገባሽ በኋላ ማን አለሽ?

መንገደኛዋ፦ ብሩን ለፓስፖርቱና ለምርመራው ጨርሼው…

ሐኪሟ፦ አውቃለሁ ልጄ። ስለዚህ የሚሻለውን ብቻ አልነግርሽም፤ የሚቻለውንም እነግርሻለሁ። ነርቩን ማከም ካልተቻለ መንቀል ነውር የለውም። የማይሆነው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እንዲሁ ይዞ መሄድ። ከእናትሽ ጋር ተማከሪ፤ እሳቸው አሁን ባይናገሩም ይሰማሉ።

መንገደኛዋ፦ እሺ። የቀሩት ጥርሶቼስ እዚያ ምን ይሁኑ? መፋቂያ እይዛለሁ፤ የወይራ።

ሐኪሟ፦ የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጫፉን በየቀኑ እየቆረጥሽ አዲስ አድርጊው። ጅዳ ሲዋክ የሚባለው መፋቂያ በየሱቁ ደጃፍ ይሸጣል፤ እሱም ጥሩ ነው። ግን እንጨቱ የፊት ጥርስን እንጂ የመንጋጋውን ጀርባና ጥርስ ከጥርስ የሚገናኝበትን ቦታ በደንብ አይደርስበትም፤ የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ጨምሪ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሁለት ደቂቃ፣ ጠዋትም እንዲሁ። አረፋውን ትፊው፣ በውኃ ግን አትጉመጥመጪ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ልታደርጊ ከቻልሽ ማታውን አትለፊ። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፤ ጥርስን ቀኑን ሙሉ የሚያጥበው ምራቅ ነው።

መንገደኛዋ፦ ከሥራ የሚለቁን እኩለ ሌሊት ነው ይላሉ። በረመዳን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው አሉ።

ሐኪሟ፦ ለዚያ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። በረመዳን ሱሑርሽን በልተሽ፣ ሱብሒ አዛን ሳይል ፍቂ፤ እንዲያ ካደረግሽ ሳሙናው ጾም ያስፈታል አያስፈታም ከሚለው ጥያቄም ትድኛለሽ። ቀን ላይ ሲዋኩ አለልሽ። ከማፍጠሪያ በኋላ ቴምርና ጣፋጭ ይበዛል። አትብዪ አልልሽም፤ ከምግቡ ጋር ብዪውና ውኃ ጠጪበት። ጥርስን የሚያጠፋው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መደጋገሙ ነው። አንድ ጊዜ ስኳር በቀመስሽ ቁጥር አፍሽ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ይቆያል። እዚያ ያሉ ልጆች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ እየቀመሱ ይሠራሉ። ያ ጥርስ አንዲት ሰዓት እንኳ አያርፍም። ሻይሽን በአንዴ ጠጥተሽ ጨርሺ፤ በመሀል ውኃ ብቻ። ሙቀቱም አፍ ያደርቃል፤ ውኃ አይጉደልሽ።

መንገደኛዋ፦ ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ እንኳ መኪና ያስታውከኛል። ጣርማ በር ስንደርስ ሁልጊዜ ነው።

ሐኪሟ፦ 400 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነውና አይፈረድብሽም። ካስታወከሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን እንዳትፍቂ። የጨጓራ አሲድ የጥርሱን ገጽ አለስልሶታል፤ ያኔ መፋቅ ሽፋኑን መግፈፍ ነው። በውኃ ተጉመጥመጪ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ነው የምትፍቂው። ብሩሽሽ እርጥብ ሆኖ በላስቲክ ታሽጎ አይቆይ፤ ስትደርሺ አውጥተሽ አድርቂው። ማረፊያ ቤት ብዙ ሆናችሁ ስታድሩ ብሩሽ መዋዋስ የለም፤ እህት ለእህትም ቢሆን። ሳሙናውን በእጅ ሻንጣ ከያዝሽው ቱቦው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፤ ትልቁ ወደ ጭነቱ ይግባ።

መንገደኛዋ፦ አንዲቷ ጎረቤታችን ደግሞ እዚያ መስኮት ስትወለውል ወድቃ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጥርሱን ጣሉት።

ሐኪሟ፦ ተመልሶ ሊተከል ይችል ነበር! ወልቆ የወጣ የአዋቂ ጥርስ አይጣልም። ነጩን ያዢ፣ ስሩን በእጅሽ አትንኪ፣ አትፈትጊውም። ከቆሸሸ ለአፍታ በውኃ አለቅልቂውና ወደ ቦታው መልሺው፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክሰሽ ወደ ሐኪም ሩጪ። መመለስ ካቃተሽ ወተት ውስጥ ክተቺው፤ ፍሪጅ ውስጥ ወተት የሌለው ቤት አይኖርም። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ተስፋው ትልቅ ነው፤ ከሰዓት በላይ ከቆየ እየጠበበ ይሄዳል። በስልክ ለጎረቤታችሁም ንገሪያት፤ አብረዋት ላሉት ይጠቅማል።

መንገደኛዋ፦ እነግራታለሁ ኢንሻአላህ። አሁን ራጁን ልነሣ? እናቴ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ ይሁንላት እያለች መሰለኝ።

ሐኪሟ፦ እናትሽ ደንዝዘውልኛል፤ የእሳቸውን ነቅዬ እስክጨርስ አንቺ ራጅ ክፍል ግቢ። ከአንቺ ጋር የሚሄዱ ሌሎች አሉ?

መንገደኛዋ፦ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዷ ከሐርቡ፣ አንዷ ከከሚሴ። እነሱን ግን ምንም አያማቸውም።

ሐኪሟ፦ አንቺም ስትገቢ ምንም አያመኝም ነበር ያልሽኝ። ደውዪላቸውና ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘሻቸው ነይ።